የዘመን መለወጫ ምሳ በጀጎል ቅጥር ውስጥ

በዓል በመጣ ጊዜ ሰው ከቤተ ዘመዱ ጋር ሲበላና ሲጠጣ መዋሉ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዓል ለሆድ ብቻ የተሰጠ ቀን አይደለም። በሥራ ብዛት የተለያየ ወዳጅ የሚገናኝበት፥ በዓመቱ ውስጥ የተቋጠረ ነገር የሚፈታበት፥ ታናሹ ታላቁን የሚጠይቅበት ቀንም ነው። ይህ የተረሳ እንደ ሆነ በዓሉ ከድግሱ ጋር አብሮ ያልቃል፤ ለማግሥቱ የሚተርፍ ነገር አይገኝበትም።

በ2017 ዓ.ም. መባቻ፥ ዘመነ ዮሐንስ አልፎ ዘመነ ማቴዎስ በገባበት ቀን፥ ምሳችንን በሐረር ከተማ ከአንድ የልጅነት ወዳጃችን ጋር በላን። ወዳጃችን በጳጉሜን በስልክ ጠርቶን «ለዘመን መለወጫ ና፤ ምሳው ከእኛ ቤት ነው። ነገር ግን የምፈልግህ ለምሳው ብቻ አይደለም፤ የምትሰማልኝ ነገር አለኝ» ብሎን ነበር። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ ሲል ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ስለ ተረዳን፥ ምን እንደ ሆነ በስልክ ሳንጠይቅ ተነሣን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈውም የምግቡን ጣዕም ለማመስገን ብቻ ሳይሆን፥ በዚያ ማዕድ ላይ የቀረበው ጕዳይ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ የሚገኝ ጕዳይ መሆኑን ስላየን ነው።

ወዳጃችን የሐረር ተወላጅ፥ የአገሩ ሰው በራሱ ቋንቋ «ጌይ ኡሱእ» የሚለው ወገን ነው፤ ትርጓሜውም የከተማ ሰው ማለት ነው። ሃይማኖቱ እስላም ነው። እኛ ደግሞ አያታችን ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር መጥተው በዚያው የቀሩ ክርስቲያን ነን። በ1950ዎቹ ዓመታት ከአንድ ትምህርት ቤት ገብተን፥ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን፥ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት እያነበብን አደግን። ከዚያ በኋላ እሱ የአባቱን የጨርቅ ንግድ ወረሰ፤ እኛም ወደ አዲስ አበባ ሄደን ዕድሜያችንን በመንግሥት ሥራ ጨረስን። የእሱ ሦስት ልጆች በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ይኖራሉ፤ ባለቤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐርፈዋል። አሁን በአባቱ ቤት ከታላቅ እኅቱ ጋር ሁለቱ ብቻ ቀርተዋል።

እስከ ድሬ ዳዋ በአይሮፕላን ሄደን፥ ከዚያ እስከ ሐረር ያለውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚያኽል መንገድ በአውቶሞቢል ወጣን። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ በደረሰ ጊዜ፥ ሐረር ከተራራ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ሐዲዱ ወደ እርሷ አልወጣም፤ በዚህም ምክንያት የብዙ ዘመን የንግድ ከተማ የነበረችው ሐረር ንግድዋን ቀስ በቀስ በቆላ ለተወለደችው ለታናሽ እኅቷ ለቀቀች። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ይህን እናስብ ነበር። ከዳገቱ በላይ ያለው ደጋ በማሽላና በጫት ለምልሟል። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ፈጽሞ ደርቆ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ውሃ መልሶ መያዙን ስናይ ደስ አለን። በአወዳይ በኩል ስናልፍም የጫቱ ገበያ በዓል እንደ ሌለ ሆኖ ይተራመስ ነበር።

ወደ ከተማው ገብተን በራስ መኰንን አደባባይ ስናልፍ፥ የሜትር አርቲስት አፈ ወርቅ ተክሌ ሥራ የነበረው፥ ራስ መኰንንን በፈረስ ላይ ተቀምጠው ያሳይ የነበረው ሐውልት፥ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ተገፍቶ መውደቁን አስታወስን። በልጅነታችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብዙ ጊዜ የምናየው እሱን ነበር። ራስ መኰንን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በመጋቢት 1898 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሐረርን ያስተዳደሩ፥ በዐድዋ ዘመቻም ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው። ሐውልት በሰው እጅ ይቆማል፥ በሰው እጅም ይወድቃል፤ የሠሩት ሥራ መልካሙም ክፉውም ግን በሰው ልብ ተጽፎ ስለሚኖር፥ እሱን በገመድ ስቦ መጣል የሚቻል አይመስለንም።

ወዳጃችን የጠበቀን በጀጎል ውስጥ፥ ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ ነው። መጋላ ማለት ገበያ ማለት ሲሆን፥ ስሙ ቀድሞ ፈረስ ይሸጥበት የነበረ ስፍራ መሆኑን ያስረዳል። በአደባባዩ ላይ ካለው ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነጭ የለበሱ ሰዎች እየወጡ «እንኳን አደረሰህ፥ እንኳን አደረሰሽ» ይባባላሉ። ከማዶው ደግሞ መውሊድ ጥቂት ቀን ስለ ቀረው፥ ነጋዴው ሸቀጡን እያወጣ፥ ሴቶች በየሱቁ እየተዘዋወሩ ይሸምታሉ። ሁለቱ በዓል በአንድ ሳምንት ተገናኝተው ከተማው ሁሉ ደምቋል።

ከአንድ ቡና ቤት ደጃፍ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ፥ ወዳጃችን ቤተ ክርስቲያኑን ሲመለከት ቆይቶ «አያትህ ይህ ሲሠራ አይተዋል፤ አያቴ ደግሞ በፊት እዚህ ላይ የነበረው መስጊድ ሲፈርስ አይተዋል። እኔና አንተ ግን ከዚሁ ደጃፍ ላይ ብይ ስንጫወት ነው ያደግነው» አለን። ነገሩ እውነት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ የሐረርን የመጨረሻ አሚር፥ አሚር አብዱላሂን ድል ካደረጉ በኋላ፥ ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ስፍራ ነው። ወዳጅነታችን የቆየው ይህን ነገር ሸፋፍነነው አይደለም፤ በልጅነታችንም በሽምግልናችንም በግልጥ ስለምንነጋገርበት ነው። እኛም «የአባቶቻችንን ውጊያ እኛ አልተዋጋነውም፤ ቢሆንም የተዋጉት የእኔና የአንተ አባቶች ናቸው» አልነው፤ እሱም ሣቅ ብሎ የቡናውን ዋጋ ከፈለ።

ጀጎል የሚባለው የድንጋይ ቅጥር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ነው። የቀድሞዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ እነሱም በአማርኛ ሸዋ በር፥ ቡዳ በር፥ ሰንጋ በር፥ ኤረር በርና ፈላና በር ይባላሉ። አውቶሞቢል የሚገባበት ስድስተኛው በር ኋላ የተከፈተ ነው። ቅጥሩ የከበበው ምድር 48 ሄክታር ያኽላል፤ በዚህች ጠባብ ስፍራ ላይ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና መታሰቢያዎች ይገኛሉ። በዚህም ምክንያት በ1998 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ከረመዳን በኋላ ስድስቱ ቀን ተጾሞ የሚከበረው የሐረሪዎች በዓል፥ ሸዋል ዒድም፥ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዚሁ ድርጅት ዘንድ ተመዝግቧል። ቅርስ ሆኖ መመዝገብ ክብር ነው። ዳሩ ግን ክብሩን የሚሸከመው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው መሆኑን፥ ጣሪያ የሚያፈስበት ካልሆነ በቀር ብዙ ሰው አያስበውም።

ከፈረስ መጋላ ተነሥተን የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በመኪና ግርግር በኩል ወረድን። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከልብስ መስፊያው መኪና ድምፅ ነው። በበዓሉ ምክንያት ብዙዎቹ ቢዘጉም፥ ለመውሊድ የታዘዘ ልብስ ያልጨረሱ ሁለት ሦስት ሰፊዎች መኪናቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ወዳጃችን የአባቱ ሱቅ ከነበረበት ደጃፍ ሲደርስ ጥቂት ቆመ፤ ሱቁን ከሸጠው ቆይቷል፤ አዲሱ ባለቤት የፕላስቲክ ዕቃ ይሸጥበታል። ወደ ውስጥ ገባ ብለን በራስ ተፈሪ ስም በሚጠራው፥ የእንጨት ሥራው ባማረ ቤት አጠገብም አለፍን። በዚህ ቤት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ጥረታቸው የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፥ የጥንት ገንዘቦችና ጌጣጌጦች ተቀምጠዋል። ሐረር በአሚሮቿ ዘመን የራሷን ገንዘብ ታትም እንደ ነበረች ለማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ቢገባ ይጠቀማል። ወዳጃችን ግን «የሌላውን ሰው የአባት ዕቃ አይተን ከመጣን በኋላ፥ ስለ እኔ አባት ቤት መነጋገር ይከብደኛል» ብሎ ወደ ፊት መራን።

ነገሩ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። በከተማው ውስጥ የዕርቅ መንገድ የሚባል እጅግ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የተጣሉ ሁለት ሰዎች በዚያ ሲገናኙ፥ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ ማለፍ ስለማይቻል፥ ሳይወዱ በግድ ሰላምታ ይሰጣጣሉ ይባላል። ወዳጃችን እዚያ ስንደርስ ግድግዳውን ተደግፎ እንዲህ አለን፤ «እኔና እኅቴ በአንድ ቤት እንኖራለን፤ በአንድ ማድቤት እንበላለን። ከሐምሌ ወር ወዲህ ግን ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር ቃል አልተነጋገርንም። ለእኛ ይህ መንገድ ምን ይጠቅመናል? በየቀኑ እንገናኛለን እኮ!»

ምክንያቱም ይህ ነው። ልጆቹ «አንተ አርጅተሃል፤ እኛም ወዳንተ ልንመለስ አንችልም፤ ቤቱን ሽጠህ ወደ እኛ ና» ይሉታል። አንድ ነጋዴ ደግሞ ቤቱን ለመጋዘን ፈልጎት ብዙ ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቷል፤ መልሱንም ከመውሊድ በኋላ ይጠብቃል። ቤቱ የአባት ስለ ሆነ የእኅቱም ድርሻ አለበት። ነገር ግን በድርሻዋ በጀጎል ውስጥ ሌላ ቤት መግዛት አትችልም። እኅቱ ባል ሞቶባቸው ወደ አባታቸው ቤት ከተመለሱ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዕድሜያቸውም ወደ ሰማንያ ተቃርቧል።

ቤቱ በሐረሪ ልማድ ጊድር ጋር የሚባለው፥ ማለትም ታላቁ ቤት ነው። ግቢው ከመንገዱ በጭቃና በድንጋይ ግድግዳ ተከልሎ በአንድ በር ይገባል። ወደ ውስጥ ሲገቡ ፊት ለፊት ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ይታያሉ፤ እያንዳንዱም ባለ መዓርግ ነው። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ ይባላል፤ ታላቁ መደብ ጊድር ነደባ፥ ታናሹም ጢት ነደባ ነው። የመኳንንት ቤት ያየ አንባቢ የሥርዐቱን ነገር ሳንነግረው ይረዳዋል። በግድግዳው ላይ ዐሥራ አንድ ትናንሽ መስኮት መሰል ማስቀመጫዎች ተፈልፍለዋል፤ ቅዱስ መጽሐፋቸውና የጥንት ሳሕናቸው የሚቀመጠው በዚያ ነው። ከነዚህም በላይ የቤቱ ሴቶች ልጆች ከእናት እስከ ልጅ ልጅ የሰፏቸው ባለ ቀለም ሞሰቦችና ሰፌዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። በዋናው ክፍል ጐን ኪርተት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ በቀድሞ ጊዜ ሙሽሮች የሚቀመጡባት ናት። መደቦቹና ወለሉ በቀይ አፈር የተቀቡ ናቸው፤ ይህም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ይባላል። እኛ በልጅነታችን በዚህ ወለል ላይ በባዶ እግራችን ሮጠናል፤ የወዳጃችን አባትም በጢት ነደባ አስቀምጠው ዳቦ ሰጥተውናል።

እኅቱ በደጃፉ ቆመው «ልጄ፥ እንኳን አደረሰህ! ፀጕርህ እኮ ሸብቷል» ብለው ተቀበሉን። ከልጅነታችን ጀምሮ «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው እሳቸው ናቸው። እኛ ስለ ምግቡ ነገር ስንሳቀቅ አይተው «አትስጋ፤ ዛሬ ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ። ቅቤም ወተትም አልገባበትም» አሉን። በእውነቱ የዓመቱ መባቻ ረቡዕ ላይ ስለ ዋለ ጾም ነበር፤ ይህን ከእኛ ወገን የዘነጋው ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም፤ እሳቸው ግን አልዘነጉትም። ይህም ከልማድ የመጣ ነው። በእናታችን ቤት ለእስላም ጎረቤት ብቻ የሚወጣ ድስትና ሳሕን ነበረ፤ ለእነሱ የሚሆነውንም በግ የሚያርደው የወዳጃችን አባት ነበር። የወዳጃችን እናት ደግሞ በእኛ ጾም ወራት ልጆቹ በአንድነት እንዲበሉ ያለ ቅቤ የተሠራ ወጥ ለብቻ ያስቀምጡልን ነበር። ሁለቱ እናቶች በሃይማኖት ነገር ሲከራከሩ ሰምተን አናውቅም፤ አንዷ የሌላዋን ጾምና በዓል ግን እንደ ራሷ ትቈጥር ነበር።

ከፍ ባለው መደብ ተቀመጥን። በአብሽ የሚሠራው የሐረር ወጥ ያለ ሥጋ ተሠርቶ፥ ምስር የተከተተበት ሳንቡሳ፥ ዘቢብ የገባበት ሩዝ፥ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ የተከተፈበት ሰላጣ፥ ትኩስ ዳቦና እንጀራ ቀረበ። ከምግቡ በኋላ የተላጠ በለስ መጣ። ሆጃ የሚባለው፥ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው መጠጥ፥ ስለ ጾሙ ያለ ወተት ተፈልቶ ተሰጠን፤ እትዬም «ለዛሬ ጣዕሙ ጐደለ» ብለው ይቅርታ ጠየቁን። እኛ ግን የጐደለው ሌላ መሆኑን አይተናል፤ እኅትና ወንድም አንዱ ለሌላው የሚፈልገውን ነገር በእኛ በኩል ያቀብሉ ነበርና። «ጨው ለወንድሜ አሳልፍለት» ይሉናል፤ እሱም «በቃኝ በልልኝ» ይለናል።

እጅ ከታጠብን በኋላ ወዳጃችን ጕዳዩን ራሱ አነሣው። ንግግሩም ያለ ምክንያት አልነበረም። «የምሥራቁ ጣሪያ ሁለት ክረምት አፈሰሰ። ቤቱ ቅርስ ስለ ሆነ እንደ ወደድሁ በቆርቆሮና በሲሚንቶ ልሠራው አልችልም፤ በጥንቱ ዐይነት ለማሠራት ደግሞ ባለሙያውም ገንዘቡም ውድ ነው። ጕልበቴ ደክሟል። የልጅ ልጆቼን ያየኋቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሙታን የኖሩበትን ቤት ለመጠበቅ ብዬ ሕያዋን ልጆቼን ልተው ወይ?» ሲል ድምፁ ተቈራረጠ። ይህን የሰማ ሰው ቤቱን ለመሸጥ የፈለገ ስግብግብ ነው ሊለው አይችልም።

እትዬም ፊታቸውን ወደ እኛ አድርገው፥ ነገር ግን ለእሱ እንዲሰማ፥ እንዲህ አሉ፤ «ሂድ፤ እኔ ከልጆችህ አልከለክልህም። እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ቤቱ ግን ይቆይህ። ሰው የሚመለስበት በር ትቶ ሲሄድ ሄደ ይባላል፤ በሩን ሽጦ ሲሄድ ጠፋ ነው የሚባለው። አባታችን የሞቱ ጊዜ አፎቻው የተሰበሰበው እዚህ ነው። እኔ የሞትሁ ጊዜ ከማን ደጅ ልውጣ?» አፎቻ ማለት በአማራው ዘንድ እንዳለው ዕድር ያለ፥ በሠርግና በኀዘን የሚረዳዳ የሐረሪዎች ማኅበር ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ፍርዱ ወደ እኛ ተመለሰ።

እኛም ዳኛ ሆነን አልተናገርንም። ያልነው ይህን ብቻ ነው፤ «ወንድሜ፥ ሁለት ነገር በአንድ ገመድ አስረሃቸዋል፤ አንደኛው መሄድህ ነው፤ ሁለተኛው መሸጥህ ነው። መሄዱ የአንተ ነው፤ ማንም ሊከለክልህ አይገባም። መሸጡ ግን የሁለታችሁ ነው። ገመዱን ፍታና አንድ አንዱን ለየብቻው እንየው።» ከዚያም ወረቀት አስመጥተን ሒሳብ ማስላት ጀመርን፤ በመሥሪያ ቤት ያሳለፍነው ዘመን ለዚህ ጠቅሞናል። ለጣሪያው የሚያስፈልገውን እንጨት፥ አፈርና የባለሙያ ዋጋ ጻፍን። ለሦስቱ ልጆች ብናካፍለው የእያንዳንዳቸው ድርሻ በውጭ አገር ለሚሠራ ሰው የሚከብድ ሆኖ አልተገኘም። ደግሞም በጀጎል ውስጥ እንዲህ ያለውን ቤት ጠብቀው፥ አንድ ሁለት ክፍሉን ለእንግዳ ማሳደሪያ አድርገው የሚተዳደሩ ቤተ ሰቦች መኖራቸውን አነሣን። እትዬ ጥቂት አስበው «እንግዳ ማስተናገድ አይከብደኝም፤ ጫማውን ሳያወልቅ ነደባ ላይ የሚወጣውን ግን አላሳድርም» ሲሉ፥ ወዳጃችን ሳያስበው ሣቀ። በሁለት ወር ውስጥ በእሳቸው ንግግር ሲሥቅ ያ የመጀመሪያው መሆኑን ኋላ ነገረን።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፥ በቶሮንቶ ጧት ስለ ነበረ፥ የወዳጃችን ታላቂቱ ልጅ ፊት ለፊት በሚያሳየው ስልክ ደወለች። ከአክስቷ ጋር በጌይ ሲናን፥ ማለት በከተማው ቋንቋ፥ ተነጋገረች። ትንሺቱ ልጇ ለትምህርት ቤት ለብሳ አጠገቧ ቆማለች። እትዬ ስልኩን ይዘው በግድግዳው ላይ ያሉትን ማስቀመጫዎች አሳዩዋትና «ቍጠሪልኝ» አሏት። ልጅቱም እስከ አራት በአያቷ ቋንቋ ቈጥራ፥ ቀሪውን በእንግሊዝኛ ጨርሳ «ዐሥራ አንድ» አለች። ከዚያም «አንዱ የእኔ ነው?» ብላ ጠየቀች። ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ከስልኩ ፊት ዞር ብሎ በነጠላው ዐይኑን አበሰ። እትዬ ግን ሳይናወጡ «ከታች ሦስተኛው የአንቺ ነው፤ መጥተሽ የምታስቀምጪበትን ይዘሽ ነይ» አሏት።

በዚያ ቀን ሁሉ ነገር አለቀ ብለን አንጽፍም። ሁለተኛው ወንድ ልጁ «ለማንኖርበት ቤት ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው» ባይ ነበር፤ እስከ ዛሬም ከዚህ አሳቡ አልተመለሰም፤ የጣሪያውን ድርሻ ግን ስለ አባቱ ብሎ ከፍሏል። ነጋዴው መልሱ ሲነገረው ቢያዝንም፥ የበዓል ሰሞን ስለ ነበረ በሰላም ተለያዩ። የቤቱም ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር፥ እትዬ በሕይወት ሳሉ እንዳይሸጥ፥ ከእሳቸውም በኋላ ለመሸጥ የሚፈልግ ወራሽ አስቀድሞ ለቤተ ሰቡ እንዲያስታውቅ፥ በሽማግሎች ፊት ተጽፎ ሁለቱም ፈረሙበት። ወዳጃችን ሸዋል ዒድን በአገሩ ካከበረ በኋላ፥ በዚያ አገር ብርዱ ሲያልፍ፥ ወደ ልጆቹ ሄደ። ቁልፉ ከእኅቱ ዘንድ ነው።

ከዚህ ነገር ለራሳችንም ለአንባቢዎቻችንም የሚጠቅም ትምህርት አግኝተናል። የመጀመሪያው፥ የአባት ቤት ነገር ከቀብር በኋላ በጠበቃ ፊት ከሚነሣ ይልቅ፥ ሁሉም በሕይወትና በፍቅር ሳሉ በማዕድ ላይ ቢነሣ ይሻላል። በዐማራው አገርም በርስት፥ በአዲስ አበባም በአባት ግቢ ምክንያት ስንት ወንድማማች እንደ ተለያየ በመሥሪያ ቤታችን ዘመን አይተናል። ጠቡ የተጀመረው ብዙ ጊዜ ከንብረቱ ማነስ አይደለም፤ አስቀድሞ ካለመነጋገር ነው።

ሁለተኛው፥ ልጆቻቸው በውጭ አገር ያደጉ ቤተ ሰቦች ሁሉ ከቤቱ አስቀድመው ቋንቋውን ይጠብቁ። ቤት ቢፈርስ ገንዘብ ይሠራዋል። የአያቷን ቋንቋ እስከ አራት ብቻ መቍጠር የምትችል ልጅ ግን አምስተኛውን የሚያስተምራት ሰው በቶሎ ያስፈልጋታል። እትዬ ከዚያ ቀን ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን በስልክ ያስተምሯታል፤ ልጅቱ አሁን ከዐሥር አልፋለች።

ሦስተኛው፥ ሰው በቤቱ ጭንቀት ሲገባ ከውጭ የሚመጣ የቆየ ወዳጅ ሊረዳው ይችላል። ወዳጁ ከባለቤቶቹ የበለጠ ዐዋቂ በመሆኑ አይደለም። በሁለቱም ማዕድ ላይ በልቶ ያደገ፥ ከሁለቱም ወገን የሚወርሰው ነገር የሌለው ሰው በመሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ወዳጅ ያላችሁ እንደ ሆነ፥ በሚመጣው በዓል ምሳ ጥሩት፤ የጠራችሁ እንደ ሆነም፥ መንገዱ ሩቅ ነው ሳትሉ ሂዱ።